ምክንያቱ ያልታወቀ የጡት እብጠት፦ ምን ሊኾን ይችላል? እንዴትስ ይመረመራል?

ገላዋን ስትታጠብ ወይም ልጇን ስታጠባ እጇ ድንገት ጡቷ ውስጥ ባለ ጠጣር ነገር ላይ ያረፈባት ሴት ሁለት ሐሳብ በአንድ ጊዜ ይመጣባታል። አንዱ ድንጋጤ ነው። ሌላው "አያመኝም፤ እንግዲያው ምንም አይደለም" የሚል ማጽናኛ ነው። ሁለቱም ጥሩ መካሪዎች አይደሉም። ድንጋጤው ከሚገባው በላይ ነው፤ በጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉምና። ማጽናኛውም የተሳሳተ ነው፤ የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውምና።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ያህሉ ደግሞ ሕይወታቸው አልፏል። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ በብዛት የሚከሰተው ካንሰር ይኸው የጡት ካንሰር ነው። በበለጸጉ ሀገራት በሽታው ከተገኘባቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚኾኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ በሕንድ ቁጥሩ ወደ 66 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ይላል። ለልዩነቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት ሴቶቹ ወደ ሐኪም የደረሱበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም ታካሚዎች በብዛት የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ እንደኾነ፣ ብዙዎቹም ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ያሉ እንደኾኑ አሳይተዋል።

ካንሰር ያልኾኑ እብጠቶች

ጡት በውስጡ ወተት የሚያመነጩ ዕጢዎች፣ ወተቱን የሚያደርሱ ቱቦዎች፣ ስብ እና እነዚህን አያይዞ የሚይዝ ሥጋ አለው። በመኾኑም ጤነኛ ጡትም ቢኾን ሲዳሰስ እንደ ሊጥ ወጥ ልስላሴ የለውም። በተለይ ወደ ብብት ባለው በኩል ጎርበጥ ጎርበጥ ማለቱ የተለመደ ነው። የወር አበባ ከመምጣቱ አስቀድሞ ባሉት ቀናት ሆርሞን ሲጨምር ጡት ይከብዳል፣ ይወጠራል፣ ያማል፤ የወር አበባው ሲያልፍ ደግሞ ይመለሳል። ጡትን ለማየትና ለመዳሰስ የወር አበባ ከጀመረ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ያለው ጊዜ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜ ብዙ ነገር ይናገራል። ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወጣት ሴቶች በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው እብጠት ነው። ድቡልቡል፣ ለስላሳ ጠርዝ ያለው፣ ሲነኩት ከጣት ሥር የሚንሸራተት፣ ብዙ ጊዜም የማያም ነው። ካንሰር አይደለም። ምንነቱ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ትንሽ ከኾነ ሳይወጣ በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። ከ35 ዓመት በላይ ባሉና የወር አበባቸው ባልተቋረጠ ሴቶች ዘንድ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ በሕክምና አጠራሩ ሲስት፣ በብዛት ይታያል። በድንገት ይወጣል፣ የወር አበባ ሲቃረብ ይወጠራል፣ ይነካካል። በመርፌ ውኃው ሲቀዳ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል።

ከድብደባ ወይም ከአደጋ በኋላ የሚመጣም እብጠት አለ። ላም ስትታለብ የረገጠቻት ወይም ከጋሪ የወደቀች ሴት የጡቷ ስብ ተጎድቶ ከሳምንታት በኋላ ጠጥሮ ሊገኝ ይችላል። ይህ ካንሰር ባይኾንም ሲዳሰስ ካንሰርን እጅግ ስለሚመስል በግምት የሚታለፍ አይደለም። በተቃራኒው ምት ካንሰርን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚኾነው ምቱ ቀድሞ የነበረውን እብጠት እንድታስተውለው ማድረጉ ነው።

የምታጠባ እናት

በአራስነትና በማጥባት ወቅት የሚከሰት እብጠት ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ወተት ሲጠራቀም ጡት ይጠጥራል፤ ሕፃኑ በአግባቡ ካልጎረሰና ጡቱ ካልተራገፈ ደግሞ ይቀላል፣ ይግላል፣ እናቲቱን ብርድ ብርድ ይላታል፣ ያተኩሳታል። በብዙ ቤት ይህ "ምች ነው" ተብሎ በዳማከሴ ይታለፋል። ሕመሙ ግን የጡት ኢንፌክሽን ሊኾን ስለሚችል በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ማጥባቱም በታመመው ጡት ጭምር መቀጠል አለበት፤ ማቆሙ ወተቱን አጠራቅሞ ነገሩን ያብሰዋል። መግል ከቋጠረ በመርፌ ይቀዳል ወይም ይከፈታል፤ ይህን የሚሠራው ግን የሕክምና ባለሙያ እንጂ በእሳት የጋለ ወስፌ የያዘ ጎረቤት አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መሻሻል ይጠበቃል። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ወስዳ ጨርሳ እብጠቱ ወይም መቅላቱ ያልጠፋላት እናት ሌላ ዙር መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም። ጡትን የሚያቀላና የሚያሳብጥ፣ ኢንፌክሽን የሚመስል፣ በፍጥነት የሚስፋፋ የካንሰር ዓይነት አለና አልትራሳውንድና ናሙና ያስፈልጋታል። እርጉዝ መኾንም ኾነ ማጥባት ምርመራን አያስቀርም። አልትራሳውንድ ለፅንሱም ለሕፃኑም ጉዳት የለውም፤ የመርፌ ናሙናም እንዲሁ ሊወሰድ ይችላል።

ሕፃናት፣ ታዳጊዎችና ወንዶች

አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ ወንድም ይኹን ሴት፣ ጡቱ አብጦ ጥቂት ወተት መሰል ፈሳሽ ሊታይበት ይችላል። ከእናቱ የተላለፈው ሆርሞን ያመጣው ነውና በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። በአንዳንድ አካባቢ ይህን ጡት መጭመቅ ልማድ ነው፤ መጭመቁ ግን ኢንፌክሽንና መግል ያመጣል።

ልጃገረዶች ከስምንት እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ጡት ማውጣት ሲጀምሩ በመጀመሪያ በአንዱ ወገን ብቻ ከጡት ጫፍ ሥር የምትነካካ ትንሽ ጠጠር ትወጣለች። ወላጆች ይደነግጣሉ። ያቺ ጠጠር የጡቱ እንቡጥ ናት፤ በስህተት ተቆርጣ ከወጣች በዚያ በኩል ጡት አይበቅልም።

ወንዶችም ጡት አላቸው፤ እብጠትም ካንሰርም ያገኛቸዋል። በጉርምስና ወቅትና በእርጅና ከጡት ጫፍ ሥር የሚመጣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከሆርሞን ለውጥ የተነሣ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል፤ ለአብነት ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን እና ለኤች አይ ቪ ይሰጥ የነበረው ኢፋቪረንዝ ይጠቀሳሉ። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያዝ ማቆም አይገባም። ከጠቅላላው የጡት ካንሰር አንድ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰው በወንዶች ላይ የሚገኝ ሲኾን "የሴት በሽታ ነው" የሚለው አመለካከትና ሐፍረት ወንዶችን እጅግ ያዘገያቸዋል።

ጥርጣሬን የሚያጠነክሩ ምልክቶች

ካንሰር የኾነ እብጠት ብዙ ጊዜ እንደ ጠጠር የደረቀ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሲገፉት ከሥሩ የተያዘ ዓይነት ነው። በእብጠቱ ላይ ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ሊል፣ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ሊያወጣ ይችላል። ድሮ ወደ ውጭ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባቱ፣ ሳይጨመቅ በራሱ ከአንድ ጡት ብቻ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ መውጣቱ፣ በጡት ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት መታየቱ፣ በብብት ወይም ከአንገት አጥንት በላይ ንፍፊት መውጣቱ፣ የአንዱ ጡት መጠንና ቅርጽ በቅርቡ መለወጡ ሁሉ ሳይዘገዩ ለመታየት የሚያበቁ ናቸው።

እነዚህ ምልክቶች አለመኖራቸው ግን ነጻነት ማለት አይደለም። ለስላሳና ተንሸራታች የኾነ ካንሰር አለ፤ ደረቅና የተያዘ የኾነ ካንሰር ያልኾነ እብጠትም አለ። በእጅ ዳሰሳ ብቻ "ካንሰር አይደለም፣ ሂጂ" ብሎ መደምደም ለባለሙያም አይቻልም። አንዲት የ25 ዓመት ወጣት እብጠቱ ከወር አበባዋ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከኾነ አንድ የወር አበባ ዙር ጠብቃ ልታየው ትችላለች። ዙሩ አልፎ እብጠቱ ካለ መጠበቁ ያበቃል። የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ግን አንድ ቀንም የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።

ሦስቱ ምርመራዎች

በሕክምናው ዓለም ለጡት እብጠት ተቀባይነት ያለው አካሄድ ሦስት ምርመራዎችን አንድ ላይ ማየት ነው፤ የባለሙያ ዳሰሳ፣ የምስል ምርመራ እና የናሙና ምርመራ። ሦስቱ እንደ ሦስት ምስክሮች ናቸው። ቃላቸው ከተስማማ ውሳኔው የጸና ይኾናል፤ ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ደግሞ ጉዳዩ አይዘጋም።

ባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እብጠቱ መቼ ታየ፣ አድጓል ወይ፣ ከወር አበባ ጋር ይለዋወጣል ወይ፣ እርግዝና ወይም ማጥባት አለ ወይ፣ ከእናት ወይም ከእኅት ወገን የጡት ወይም የማሕፀን እንቁልጢ ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ፣ የሚወሰድ መድኃኒት አለ ወይ ይላል። ቀጥሎም ሁለቱንም ጡቶች፣ ሁለቱንም ብብቶች እና ከአንገት አጥንት በላይ ያለውን ያያል፣ ይዳስሳል፤ ተቀምጣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ከዚያም በጀርባዋ ተኝታ። ታካሚዋ ሴት ባለሙያ እንድታያት ወይም የምታምነው ሰው አብሯት እንዲኾን መጠየቅ ትችላለች። ሐፍረት ስንቱን ሰው ከምርመራ እንዳስቀረ የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ጥያቄ አይገርመውም።

በምስል ምርመራ ከ30 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ላሉት ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ከአልትራሳውንድ ጋር ይነሣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለኾነ በራጁ ላይ ነጭ ኾኖ ይወጣል፣ ካንሰርም ነጭ ኾኖ ይወጣል። በጉም ውስጥ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ እብጠቱ ውኃ ይኹን ሥጋ ወዲያው ይለያል፤ ከማሞግራም ይልቅም በብዙ ከተሞች ይገኛል።

በምስል ውጤት ወረቀት ላይ "ባይራድስ" የሚል ቃልና ከጎኑ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። አንድና ሁለት የሚያሠጋ ነገር አለመታየቱን ይገልጻሉ። ሦስት ካንሰር የመኾን ዕድሉ ከሁለት በመቶ የማይበልጥ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መታየት ያለበት ማለት ነው። አራትና አምስት ናሙና መወሰድ እንዳለበት ያመለክታሉ። ዜሮ ምስሉ በቂ ስላልኾነ ተጨማሪ ያስፈልጋል ማለት እንጂ "ምንም የለም" ማለት አይደለም፤ ይህን ቁጥር በስህተት ተረድተው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት የሚመለሱ አይጠፉም። በእጅ የሚዳሰስ እብጠት እያለ ማሞግራሙ ንጹሕ ቢባልም ጉዳዩ አላለቀም፤ ራጁ ከአሥር ካንሰሮች አንዱን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሊስት ይችላል።

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ናሙናው ነው። በቀጭን መርፌ ሕዋሳት የሚቀዱበት ምርመራ ፈጣንና ርካሽ በመኾኑ በኢትዮጵያ በብዛት ይሠራበታል። ወፈር ባለ መርፌ፣ ቦታው ደንዝዞ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች የሥጋ ቁራጭ የምትወሰድበት ባዮፕሲ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ካንሰሩ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ዘልቆ መግባት አለመግባቱን፣ ዓይነቱን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለትም ለማወቅ ያስችላል። ለምሳሌ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከኾነ በየቀኑ በአፍ የሚወሰደው ታሞክሲፌን የተባለ እንክብል ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይታዘዛል። ዓይነቱ ሳይታወቅ የሚጀመር ሕክምና በጨለማ እንደ መዝራት ነው።

"በመርፌ ከነኩት ይሠራጫል" የሚለው ወሬ ብዙ ሴቶችን ከዚህ ምርመራ ደጃፍ መልሷቸዋል። የናሙና መርፌ በሽታውን አያባብስም። ወሬው የመጣው ዘግይተው የተመረመሩ ሰዎች ከምርመራው በኋላ ሕይወታቸው ሲያልፍ በማየት ሊኾን ይችላል፤ ያመጣው ግን መርፌው ሳይኾን የቀደመው መዘግየት ነው።

ናሙናውን በተመለከተ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በብዙ ቦታ የተወሰደውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚው ራሱ ነው። ናሙናው ወዲያውኑ ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ በውኃ ወይም በባዶ ዕቃ ከተያዘ ይበላሻል። በዕቃው ላይ የታካሚዋ ሙሉ ስም፣ ቀኑና የየትኛው ጡት እንደኾነ ይጻፋል። ከዚህ የከፋው ስህተት እብጠቱን በትንሽ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሳያስመረምሩ መጣል ነው። ከጡት የወጣ እጢ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ መመርመር ይኖርበታል። "ወጥቶልኛል" ያለች ሴት ከዓመት በኋላ በዚያው ቦታ እብጠት ቢመለስባት የመጀመሪያው ምን እንደነበር የሚነግራት ወረቀት የላትም።

ምስክሮቹ ሳይስማሙ ሲቀሩስ? ዳሰሳውና ምስሉ ካንሰር ያጠራጥራሉ፣ የመርፌው ውጤት ግን "ምንም አልተገኘም" ይላል እንበል። መርፌው ከእብጠቱ ጎን ያለውን ጤነኛ ሥጋ ወስዶ ሊኾን ይችላል። በዚህ ጊዜ ናሙናው ይደገማል። "ለምንድን ነው የሚደገመው? የመጀመሪያው ጥሩ አልነበረም ወይ?" ብሎ መጠየቅ የታካሚዋ መብት ነው፤ ባለሙያው ሳይደግም ቢቀርም "የሦስቱ ውጤት ተስማምቷል ወይ?" ብላ ልትጠይቅ ይገባታል።

ከቀበሌ እስከ ሆስፒታል

በገጠር የመጀመሪያዋ ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም አልትራሳውንድና ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይኬዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የኾነ ቤተሰብ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሪፈር ወረቀት ቢይዝ ይበጀዋል፤ ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስ ኪስ ላይ ሊጥለው ይችላል። የትኛው ምርመራ በመድኑ እንደሚሸፈን ከመሄድ በፊት መጠየቅም ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች "ገና ለገና አዲስ አበባ ድረስ" ብለው ምርመራውንም ይተዋሉ። የእብጠቱን ምንነት ለማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ዕለት አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ የምርመራዋ ውጤት መታወቅ እንዳለበት አስቀምጧል። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይህ ልክ ሁለት ወር ነው፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ጥቅምት ማለቂያ። በገጠሩ ኑሮ ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚሸሽ ማንም ያውቀዋል። በመስከረም የተገኘ እብጠት "አዝመራው ይግባ" ይባልለታል። ኅዳርና ታኅሣሥ በአጨዳና በውቂያ ያልፋሉ። ጥር ሠርግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ፣ የእርሻ ዝግጅት። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱም ባዶ ይኾናል። ዓመት ሞላ ማለት ነው፤ በመስከረም የባቄላ ፍሬ ያህል የነበረው እብጠት በዚያ ጊዜ ውስጥ ብብት ሊደርስ ይችላል። በብዙ ቤት ደግሞ ለጉዞው ገንዘብ የሚያወጣው ባል ነው። ሚስቱ ሳታማርር የነገረችውን አንድ ቃል እንደ ቀላል ነገር እንዳይወስደው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ ራስ ምርመራና ስለ ወሬዎች

ሴቶች በየወሩ በተወሰነ ሥርዓት ጡታቸውን እንዲዳስሱ ማስተማር ሕይወት ያድናል ወይ የሚለው በቻይና ሻንግሃይ ከተማ ከ260 ሺህ በላይ ሴት ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመው ውጤት ትምህርቱ ብቻውን የሞት ቁጥርን እንዳልቀነሰ አሳየ። ይህ ማለት ግን ጡትን ማወቅ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አንዲት ሴት የራሷ ጡት በተለመደው ጊዜ ምን እንደሚመስል ካወቀች ለውጡን ቶሎ ትለያለች፤ ጥቅሙ ግን ለውጡን ይዛ ከሄደች ብቻ ነው። በሕንድ ሙምባይ ደግሞ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶችን ጡት በእጅ እንዲመረምሩ ተደርጎ ለ20 ዓመታት ክትትል ሲካሄድ፣ ካንሰሩ ቀደም ባለ ደረጃ መገኘቱና 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በኾናቸው ሴቶች ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱ በ2021 ተዘግቧል። ማሞግራም በየቦታው ለሌለባት ሀገር ይህኛው ውጤት ትርጉም አለው።

ሳንቲምና የብር ኖት በጡት መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ ካንሰር አያመጣም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚጠባ ሕፃንም ካንሰር አይይዘውም። በቤተሰባቸው ማንም ያልታመመባቸው ሴቶችም ይያዛሉ፤ እንዲያውም በበሽታው ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ሴት ከመኾንና ከዕድሜ በቀር ተለይቶ የሚታወቅ ሌላ አጋላጭ ነገር የላቸውም። ጠበል መጠመቅና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ጉዳት የሚመጣው አንዱ ለሌላው ምትክ ሲደረግ ነው። ቅጠልና ሥር እየቀጠቀጡ በእብጠት ላይ ማሰር ግን ቆዳውን ያቆስለዋል፤ የቆሰለ ጡት ደግሞ ለዳሰሳም ለቀዶ ሕክምናም ያስቸግራል።

ምርመራው ተጠናቆ "ካንሰር አይደለም" የተባለች ሴት የምስልና የናሙና ውጤቷን ቅጂ በቤቷ ማስቀመጥ አለባት። ከዓመታት በኋላ ሌላ እብጠት ቢወጣ ወይም የቀድሞው ቢያድግ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከእርሱ ጋር ነው። የቀጠሮ ቀን ከተሰጣትም እብጠቱ ባይታወቃትም ትሄዳለች፤ በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል በመጠኑ ከጨመረ፣ ቆዳው ከተለወጠ ወይም በብብቷ ንፍፊት ከወጣ ቀጠሮውን አትጠብቅም።